የአዲስ አበባ ዝናብና የሬይሊ ቀመር

የውኃ ሞለኪውሎች ሁሉ እኩል አይመዝኑም። በውኃ ውስጥ ከሚገኘው ኦክስጅን አብዛኛው የአቶም ክብደቱ 16 ሲሆን፣ ከሺህ ሁለት ያህሉ ግን 18 ነው። ሁለቱም በጊዜ ብዛት የማይፈርሱ ጽኑ አይሶቶፖች ናቸው። ከባዱ ሞለኪውል ለመትነን የዘገየ፣ ከተን ወደ ጠብታ ለመመለስ ግን ቀዳሚ ነው። ስለዚህ ደመና ባዘነበ ቁጥር ከባዱን አይሶቶፕ በብልጫ እየጣለ ይሄዳል። ይህን ሂደት በስሌት እንዴት እንደምንከታተለውና ስሌቱ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የሚገጥመውን ፈተና እንመልከት።

መለኪያው ዴልታ ይባላል። የአንድ ናሙና የከባድና የቀላል አይሶቶፕ ጥምርታ ከውቅያኖስ ውኃ በሺህ ስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ይነግረናል፤ ውቅያኖሱ ራሱ ዜሮ ነው። ቀመሩን ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጡት ስለ ፈሳሾች ንጥረት ሲያጠኑ ነበር። አይሶቶፕ የሚለው ቃል እንኳ ገና አልተፈጠረም። ቀመሩ እንዲህ ይላል፦

የቀሪው ተን ጥምርታ = የመነሻው ጥምርታ × (ቀሪው የተን ክፍልፋይ በ«አልፋ ሲቀነስ 1» ርቢ)

አልፋ የጠብታው ጥምርታ ለተኑ ጥምርታ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.0094 ያህል ይሆናል።

አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይከተለን። ከባሕር የተነሣው ተን ዴልታው −11 ነው እንበል፤ ጥምርታው የውቅያኖሱ 0.989 እጅ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ ለማግኘት በ1.0094 እናባዛለን፤ −1.7 ይሆናል። ደመናው የተኑን ግማሽ ካዘነበ በኋላስ? 0.5 በ0.0094 ርቢ 0.9935 ነው። የቀረው ተን ወደ −17.4፣ ከእርሱ የሚወርደው ዝናብ ወደ −8.2 ይወርዳል። አየሩ ሲቀዘቅዝ አልፋ ስለሚያድግ፣ በተግባር ስሌቱ ደረጃ በደረጃ ይሠራል።

እንግዲህ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከቆላው ይልቅ ቀላል መሆን አለበት። በብዙ አገሮች ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ዴልታ ከ0.2 እስከ 0.3 ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከ−5 በታች እንጠብቃለን። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መረብ የተሰበሰቡት ናሙናዎች ግን ሌላ ይናገራሉ፤ በዝናብ መጠን የተመዘነው አማካይ ከ−1 እስከ −2 ባለው ክልል ውስጥ ነው።

ጠብታዎቹ ሲወርዱ ተንነው ይሆን? ለዚህ ሃይድሮጅን ምስክር ይሆነናል። ሃርመን ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት፣ በዓለም ዝናብ የከባዱ ሃይድሮጅን ዴልታ በግምት የኦክስጅኑ 8 እጥፍ ሲደመር 10 ነው። ጠብታ በአየር ላይ ከተነነ ይህ 10 ይቀንሳል። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ግን በአማካይ ከ10 በላይ ነው። ስለዚህ ይህ ምክንያት ለበልግ ካፊያ እንጂ ለክረምቱ ዶፍ አይበቃም።

ብዙ ተመራማሪዎች የሚያመዝኑት፣ እኛንም ይበልጥ የሚያሳምነን፣ የእጽዋት ድርሻ ነው። ሥር ውኃን ሲስብ አይሶቶፖችን አይለያይም፤ ቅጠል የሚተነፍሰውም በጊዜ ሂደት ከአፈሩ ውኃ ጋር ይስተካከላል። በኮንጎ ተፋሰስ ደኖችና በነጭ ዓባይ ረግረጎች ላይ የዘነበው ከባድ ውኃ በዚህ መንገድ ወደ አየር ይመለሳል። የሬይሊ ቀመር ግን የወረደው እንደማይመለስ አድርጎ ያስባል። የምንጭን ወይም የጉድጓድን ውኃ መነሻ ከፍታ በዴልታ የሚገምት ተማሪ በሌላ አገር የተለካውን የከፍታ ቅናሽ እንዳለ ቢወስድ፣ ከደጋው የሰረገውን ውኃ ከቆላ የመጣ ነው ብሎ ይፈርዳል።