በወረርሽኝ ዘመን በቤት ውስጥ የገላና የጠጕር አያያዝ

ሰው ከቤቱ ሳይወጣ እንዲሰነብት በሚገደድበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚተወው ነገር የገላው እንክብካቤ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮና በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ካስታወቀ ከሁለት ቀን በኋላ፥ ማለት መጋቢት 4 ቀን፥ በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ ተገኘ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በቤት ከከረመውም ሰው ብዙው «ማን ያየኛል?» እያለ ጠጕሩን ሳያበጥር፥ ጥፍሩን ሳይቈርጥ ሰነበተ።

ይህን ስሕተት እኔም ሠርቻለሁ። በውጭ አገር የተማርሁትን የበሽታ መከላከያ ትምህርት አስታውሼ፥ የእናቴን ጠጕር የሚሠሩት ጎረቤታችን ወደ ቤት እንዳይገቡ ከለከልሁ። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ሹሩባ ሠሪና ተሠሪ ለረጅም ሰዓት ትንፋሽ ለትንፋሽ ተቀራርበው ይቀመጣሉና። ነገር ግን በምትኩ ምን እንደሚደረግ አላሰብሁም። ከአንድ ወር በኋላ እናቴ «ልጄ፥ ማን ሞቶብኝ ነው ጠጕሬ እንዲህ የተበተነው?» ብለው ጠየቁኝ። በአገራችን ጠጕርን ሳይሠሩ መተው የሐዘን ምልክት መሆኑን መዘንጋቴ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። በማግስቱ ከእኛው ጋር የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ከኋላቸው ተቀምጣ፥ እርሳቸው በቃል እየመሩዋት፥ ሹሩባ መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያው ሥራዋ ጠማማ ነበር፤ እናቴ ግን መስተዋት አስመጥተው አይተው ብዙ ቀን ያልሰማሁትን ሣቅ ሣቁ፤ ሲገፉት የሰነበቱትንም ምሳ በሉ።

እንግዲህ በቤት መዋል ማለት ራስን መጣል ማለት አይደለም። በየማለዳው ፊቱን የሚታጠብ፥ ጥርሱን የሚፍቅ፥ ልብሱን የሚለውጥ ሰው የቀኑን ሥርዐት ይጠብቃል፤ ሥርዐትም መንፈስን ያበረታል። ይሁን እንጂ ውበትን መጠበቅ በዕውቀት ካልሆነ ጉዳት ያመጣልና የሚከተሉትን ነጥቦች ማስተዋል ይገባል።

1ኛ. እጅ። የኮሮና ቫይረስ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ ሳሙናም ይህን ስብ አሟሙቶ ቫይረሱን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ፥ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ጭምር መታጠብ ያስፈልጋል። አዘውትሮ መታጠብ የቈዳን ወዝ ስለሚያጠፋ እጅ ይሰነጠቃል፤ ከታጠቡ በኋላ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት መቀባት ይጠቅማል። የእጅ ማጽጃ አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ይሁን፤ በእሳት የሚያያዝ ስለ ሆነ ግን እጅ ሳይደርቅ ወደ ቡና ምድጃ መቅረብ አደገኛ ነው።

2ኛ. ጠጕር። ጠጕርን አብሮ የሚኖር ቤተ ሰብ ይሥራ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ማበጠሪያ ይኑረው፤ ቅማልና የራስ ቈረቈር በማበጠሪያ ይተላለፋሉና። እጅግ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ የጠጕርን ሥር እየሳበ ግንባርንና ጆሮ ግንድን ያመልጣል፤ ስለዚህ ራስን እስኪያም ድረስ መጐንጐን አይገባም።

3ኛ. ጢም። ጢም ሲበዛ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ከፊት ጋር በሚገባ አይገጥምም፤ ትንፋሽም በጐን ይወጣል፥ ይገባል። ምላጭን ግን አባትና ልጅ እንኳ ሊጋሩት አይገባም፤ የጉበት በሽታ ቫይረስ በዓይን በማይታይ የደም ጠብታ ሊተላለፍ ይችላል።

4ኛ. ኩልና የፊት ቅባት። አንዳንድ ኩል እርሳስ የተባለው ማዕድን አለበት፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ ስለዚህ ምን እንደ ተቀላቀለበት የማይታወቅ ኩል ለሕፃን አይደረግ። ቈዳን ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ይህም ኵላሊትን ያበላሻል።

5ኛ. ወይባ። ወይባ መታጠን የቈየ የሴቶች ልማድ ነው፤ ገላን ያሸታል፤ ይሁን እንጂ ጢሱ ወረርሽኝን አይከላከልም። በተዘጋ ክፍል እንጨት ወይም ከሰል ቢነድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ አየር ይወጣል፤ ይህ አየር በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይዞ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ስለዚህ በርና መስኮት ተከፍቶ፥ ሌላ ሰው በቅርብ ሆኖ እየጠበቀ ይሁን። ራስ ምታት ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ፈጥኖ ወደ ውጭ ይውጣ።

የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይነት ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ይሁን እንጂ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፥ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮሮና እንደ መጣብን፥ ሌላም ሊመጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ በራችንን ስንዘጋ በውስጡ ያሉትን ሰዎች፥ ይልቁንም ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን፥ ማን እንደሚያጥባቸውና ጠጕራቸውን ማን እንደሚሠራቸው አስቀድመን እናስብ።

ለመምህራን፤ ተማሪዎች እንዲመልሱአቸው የሚቀርቡ ጥያቄዎች።
ሀ. ሳሙና የኮሮናን ቫይረስ የሚያፈርሰው እንዴት ነው?
ለ. ማበጠሪያና ምላጭ የማይጋሩት ስለ ምንድን ነው?
ሐ. በቤታችሁ ያሉት አረጋውያን ከቤት እንዳይወጡ ቢደረግ፥ ለንጽሕናቸውና ለደስታቸው እናንተ ምን ልታደርጉላቸው ትችላላችሁ?