ማዕድኑን ማን ለየው? — አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ግሦች

የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ የእያንዳንዱን ግሥ ባለቤት አስተውሉ።

ብርቅዬ የመሬት ብረቶች የሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች ናቸው። ስማቸው ያሳስታል፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሴሪየም በመሬት ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። የሚያስቸግረው ማግኘቱ ሳይሆን መለየቱ ነው። ጠባያቸው እጅግ ስለሚመሳሰል በአንድ ድንጋይ ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ድንጋዩ ተፈጭቶና በአሲድ ሟሙቶ፣ ፈሳሹም ከገንዳ ወደ ገንዳ በብዙ ደረጃ እየተላለፈ ካልተጣራ በቀር አንዱን ከሌላው መነጠል አይቻልም።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ማውንቴን ፓስ በተባለ ስፍራ ዩራኒየም ፈላጊዎች እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን ድንጋይ አገኙ። በ1960ዎቹ ከዚያ የወጣው ዩሮፒየም ለቀለም ቴሌቪዥን ቀይ ብርሃን ዋለ። ማዕድኑ በዚያው ስፍራ ይቆፈርና ይለይ ነበር። ዳሩ ግን ራዲዮአክቲቭ ቅሪት ያለበት ፍሳሽ ከቧንቧው ደጋግሞ በረሃው ላይ ስለፈሰሰ መለየቱ በ1998 ቆመ፤ ርካሹ የቻይና ምርትም ገበያውን ስለያዘ ቁፋሮው በ2002 ተቋረጠ። በ2012 ሥራውን የቀጠለው ኩባንያ በ2015 ከሰረ። በ2018 በአዲስ ባለቤት ቁፋሮው ሲጀመር የተፈጨው ማዕድን በመርከብ ወደ ቻይና ይላክ ነበር። መለየቱ ወደ ማውንቴን ፓስ የተመለሰው በ2023 ነው፤ ወደ ቻይና መላኩም በ2025 ቆመ።

አሁን በ2018 የሆነውን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንግለጽ። «ኩባንያው ማዕድኑን ለየ» ብንል ሐሰት ነው፤ የቆፈረው እንጂ የለየው እርሱ አይደለም። «ማዕድኑ ተለየ» ብንል እውነት ነው፤ ነገር ግን ተደራጊው ግሥ አድራጊውን ስለሚሰውር አንባቢው ባሕር ማዶ የተደረገውን በረሃው ውስጥ የተደረገ ይመስለዋል። የጋዜጣ ዜና ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው በዚህ ነው። «ኩባንያው ማዕድኑን በቻይና አስለየ» የሚለውስ? አስደራጊው ግሥ አዛዥ መኖሩን ያሰማል። ኩባንያው ግን ሸጠው እንጂ አላስለየውም። ስለዚህ ትክክለኛው ዐረፍተ ነገር፦ «ኩባንያው ቆፈረና ሸጠ፤ ቻይናውያን ገዙና ለዩ።»

መልመጃ

1. «ቆፈረ»፣ «ፈጨ»፣ «ጫነ» የሚሉትን ግሦች በተደራጊና በአስደራጊ መልክ እያስገባችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

2. በአገራችን ከቀንጢቻ የወጣ የታንታለም ማዕድን ወደ ብረትነት ሳይለወጥ ለውጭ ገበያ ተልኳል። ይህን በአንድ አንቀጽ አስፋፉ። አድራጊው ያልታወቀ ተደራጊ ግሥ ግን አትጠቀሙ።