«ተፈጥሯዊ ነው» የሚባለው ማቅጠኛ

በዚህ ወር አምዳችን የምናነሣው የማቅጠኛ ሻይን፣ እንክብልንና ጠብታን ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ከዐረብ አገር በዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ ሌላው በሱቅና በስልክ መልእክት ይሸጣል። ሠርጓ የቀረበ ሙሽራ፣ ከወለደች በኋላ ሰውነቷ የከበዳት እናት፣ «ስኳርና ደም ግፊት እንዳይመጣብኝ» ብሎ የሰጋ አባት ይገዙታል። ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይላል፦ በሳምንት 5 ኪሎ ይቀንሳል፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉዳት የለውም። ሦስቱንም በየተራ እንመርምራቸው።

«በሳምንት 5 ኪሎ ይቀንሳል»

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ጉልበት ያከማቻል። 5 ኪሎ ስብ በ7 ቀን ለማጥፋት በየቀኑ 5,500 ካሎሪ ማጉደል ያስፈልጋል። መካከለኛ ሰውነት ያላት ሴት በቀን የምታቃጥለው ግን 2,000 ካሎሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ እህል ባትቀምስ እንኳ ሒሳቡ አይሞላም።

ታዲያ ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ምንድን ነው? በአብዛኛው ውኃ ነው። በብዙ የማቅጠኛ ሻዮች ውስጥ ሰና ይገኛል፤ እናቶቻችን ሰና መኪ የሚሉት ማለት ነው። ሰና ለሆድ ድርቀት ለጥቂት ቀናት ቢወሰድ ይጠቅማል። ነገር ግን የሚሠራው በትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን፣ የበላነው ምግብ ደግሞ አስቀድሞ በትንሹ አንጀት ወደ ደም ገብቷል። ስለዚህ ተቅማጡ ይዞት የሚወጣው ውኃና ጨው ነው፤ ውኃ ስንጠጣ ክብደቱም ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ሊቀንስ፣ ጡንቻ ሊዝልና የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

«ተፈጥሯዊ ነው»

በቤልጅየም ብራስልስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ የቻይና ዕፅ ያለበት እንክብል ለደንበኞቹ ይሰጥ ነበር። ስቴፋኒያ የተባለው ዕፅ ሊገባ ሲገባው፣ በቻይንኛ ተቀራራቢ ስም ያለው አሪስቶሎክያ የተባለ ሌላ ዕፅ ገባ። እርሱም ኩላሊትን የሚያጠፋ መርዝ ያለበት ነው። ከ100 በላይ ሰዎች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹም ለኩላሊት እጥበት ወይም ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኩላሊታቸውና የሽንት ቧንቧቸው በቀዶ ጥገና ከወጣላቸው 39 ሕሙማን በ18ቱ ላይ ካንሰር ተገኝቷል። ዕፅ ከምድር መብቀሉ ብቻውን ለደኅንነቱ ዋስትና አይሆንም።

«ጉዳት የለውም»

ሲቡትራሚን የምግብ ፍላጎትን የሚቀንስ መድኃኒት ነበር። ደም ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምር፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ባለባቸው ወደ 10,000 ሰዎች ላይ ተጠና። በወሰዱት ላይ እንደ ልብ ድካምና ስትሮክ ያሉ አደጋዎች ካልወሰዱት በ16 በመቶ በልጠው ተገኙ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ «የዕፅ ውጤት» በሚል ስም ተሸፍኖ ተመለሰ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ያልተገለጸ መድኃኒት ካገኘባቸው የማቅጠኛ ምርቶች 317 ተቆጥረው፣ በ269ኙ ውስጥ የተገኘው ይኸው ሲቡትራሚን ነበር። በካርቶኑ ላይ ግን አልተጻፈም። እንክብሉ «ይሠራል» የሚሉ ሰዎች ምናልባት ሳያውቁ ይህንኑ እየዋጡ ይሆናል። ደም ግፊት ያለበት ወይም የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አደጋው የከፋ ነው።

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የገበያ ታሪክ እናስታውስ። እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ ነጋዴውንም ለምን እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለሰው እንዳላሳየ ወቀሱት፤ አታላይንም አወገዙ። በሻይ ስም መድኃኒት ደብቆ የሚሸጥም እርጥቡን እህል ከደበቀው አይለይም። ሳያውቅ የሚያከፋፍል ወንድም ወይም እኅትም በውስጡ ያለውን ሳያረጋግጥ ለሰው ሊሸጥ አይገባውም።

ምን እናድርግ?

1. በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ፣ አምራቹና ይዘቱ ያልተጻፈበት ነገር አትግዙ።

2. ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ምክር ምንም ማቅጠኛ አይውሰዱ።

3. እየወሰዳችሁ ከሆነ አቁሙና ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሳታፍሩ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት የልብ ምታችሁ ለምን እንደጨመረ ሊያውቅ አይችልም። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

4. ሐኪም አይቶ የሚያዛቸው እውነተኛ የክብደት መድኃኒቶች አሉ። ነገር ግን እነርሱም ይጭበረበራሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ መርፌ አስጠንቅቋል። ከፋርማሲ ውጭ መርፌ አትግዙ።

5. ጤናማው መንገድ ዘገምተኛ ነው፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በቂ ነው። ለስላሳ መጠጥንና ስኳርን መቀነስ፣ ዘይትን መመጠን፣ ሽሮና ምስርን ከጎመን ጋር መመገብ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በፍጥነት መራመድ ይረዳል። በረመዷንም በኢፍጣር ሰዓት ሳምቡሳውንና ጣፋጩን መመጠን ከማንኛውም የማቅጠኛ ሻይ ይበልጣል። ከክብደታችን 5 በመቶውን መቀነስ ብቻ እንኳ ለደም ግፊትና ለስኳር ይጠቅማል።

ሰውነታችን አማና ነው፤ ምንነቱን ለማናውቀው ነገር አሳልፈን አንስጠው። አላህ (ሱ.ወ.) ጤናችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙትም ሺፋውን ይላክላቸው። አሚን።