ከገለጻው አዳራሽ ባሻገር፦ የኮሙኒኬሽን ተለማማጆች በአዲስ ተማሪዎች ሽግግር ውስጥ ሊኖራቸው የሚገባ ድርሻ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ለተመደቡላቸው ተማሪዎች የሚያወጡት የጥሪ ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት ቅርጹ ብዙም አይለወጥም። የምዝገባ ቀናትን ይገልጻል፤ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ዋናውንና ቅጂውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ይዞ መቅረብ እንደሚገባ ያሳስባል፤ ከተጠቀሰው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ እንደማይስተናገድ ያስጠነቅቃል። ተማሪው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት በዝርዝር የሚናገረው ማስታወቂያ፣ ምን አውቆ መምጣት እንዳለበት ግን ዝም ይላል። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት የትምህርት ክፍል ድልድልን የሚወስን መሆኑን አዲሱ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ግቢ ከገባ በኋላ፣ አንዳንዴም ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍሎች ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ይህን ክፍተት በመሙላት ረገድ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ይመረምራል። መከራከሪያውም የተለማማጁ ዋጋ መልእክት በማብዛቱ ሳይሆን፣ አለማወቅ ምን እንደሚመስል ገና ያልረሳ ሰው በመሆኑ ነው የሚል ነው።

ጉዳዩ የበለጠ ክብደት ያገኘው ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት የመጀመሪያ ዓመት መርሐ ግብር እንደገና ተጀመረ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ደግሞ፣ ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ይህን ተከትሎ የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ፣ በተማሪዎች አጠራር የ«ሪሜዲያል»፣ ፕሮግራም ግቢ ውስጥ እየኖሩ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆናቸው ያልተረጋገጠ ወጣቶችን ፈጠረ። ስለዚህ «አዲስ ተማሪ» የሚለው ስያሜ ዛሬ አንድ ዓይነት ሰው አያመለክትም፤ አንድ ዓይነት ገለጻም አይበቃውም።

በሽግግር ጥናት ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው የቪንሰንት ቲንቶ የ1975 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው። ቲንቶ በኋላ ባወጣቸው ሥራዎቹ ከአንትሮፖሎጂስቱ ቫን ዤኔፕ በተዋሰው ሐሳብ መሠረት፣ አዲስ ገቢው ከቀድሞ ማኅበረሰቡ ይለያል፣ ይሸጋገራል፣ ከዚያም ከአዲሱ ጋር ይዋሐዳል። ዊልያም ቲርኒ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ይህ አመለካከት ከራሳቸው ባህል ወደ ሌላ ባህል ተቋም የሚገቡ ተማሪዎች ማንነታቸውን ትተው እንዲመጡ የሚጠብቅ ነው ሲል ተችቷል። ለኢትዮጵያ ሁኔታ የቲርኒ ትችት ይበልጥ የሚቀርብ ይመስላል። ከቤቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የተመደበ ተማሪ ከቤተሰቡ አይለይም፤ በየማታው ይደውላል። ችግሩ፣ በቤተሰቡ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ገቢ ከሆነ፣ በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ስለ ሬጅስትራር አሠራር የሚነግረው ነገር የሌለው መሆኑ ነው።

የግቢው ቋንቋ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው። «አድ ኤንድ ድሮፕ»፣ «ክሊራንስ»፣ «ዊዝድሮዋል»፣ «ሪአድሚሽን»፣ «ኢንኮምፕሊት»፣ «ፕሮቤሽን»፣ «ነን ካፌ» የሚሉት ቃላት በየትኛውም የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሉም። ሲኒየሮች እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይናገሯቸዋል፤ ማስታወቂያዎችም ያለ ማብራሪያ ይጠቀሙባቸዋል። ነገሩ የቃላት ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ሳምንታት ይቃለል ነበር። ሆኖም አንዳንዱ ቃል በስተጀርባው መብት አለ። ሁለት ተማሪዎች በመንፈቅ ዓመቱ አጋማሽ ታመው ወደ ቤታቸው ሄዱ እንበል። አንደኛው የመልቀቂያ ቅጽ ሞልቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ ወጣ፤ ሁለተኛው ሻንጣውን ብቻ ይዞ ሄደ። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው በቀጣዩ ዓመት ለመልሶ ቅበላ ለማመልከት የሚያስችለው ሰነድ በእጁ አለ፤ የሁለተኛው ስም ግን ያለ ፈቃድ ካቋረጡት ጋር ይመዘገባል። ሕመማቸው አንድ ነው፤ የለያቸው አንድ ቅጽ መኖሩን ማወቅና አለማወቅ ነው። የወጪ መጋራት ውልም እንዲሁ ነው። ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ክፍል፣ ከተመረቀ በኋላ ሊከፍል የሚፈርመው በወረፋ ተጋፍቶ፣ ብዙ ጊዜም ሳያነብ ነው።

ፊሊፕ ጃክሰን በ1968 (እ.ኤ.አ.) ስውር ሥርዓተ ትምህርት ያለው፣ ማንም ሳያስተምረው ሁሉም እንዲያውቀው የሚጠበቅ ሥርዓት፣ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በምዝገባው ሳምንት የሚካሄደው የአዳራሽ ገለጻ ይህን አይሰብረውም። ከሩቅ መንገድ የደከመ ተማሪ በአንድ ቀን ስለ መመሪያው፣ ስለ ዲሲፕሊኑ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ ክሊኒኩ ይነገረዋል፤ ጥያቄው የሚመጣው ግን ከወር በኋላ፣ አዳራሹ ባዶ በሆነ ጊዜ ነው።

ወደ ሕዝብ ግንኙነት ጽሕፈት ቤት የሚመደቡ ተለማማጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት የስብሰባ ፎቶግራፍ ማንሳትና የኃላፊዎችን ንግግር ዜና ማድረግ ነው። ሥራው ሙያ ያስተምር ይሆናል፤ ለአዲሱ ተማሪ ግን ፋይዳው አነስተኛ ነው። እዚህ የሚቀርበው አማራጭ ከጽሑፍ ሳይሆን ከጥያቄ ይጀምራል። ተለማማጁ በሬጅስትራር መስኮት፣ በመኝታ ሕንፃው በር፣ በፕሮክተሩ አጠገብ ቆሞ የሚጠየቀውን እንዳለ ይመዘግባል፤ የተደጋገመውን ይለያል፤ መልሱን ከሚመለከተው ክፍል ያረጋግጣል፤ የመለሰውን ክፍልና ቀኑን ጠቅሶ በቀላል ቋንቋ ይጽፋል። መልሱ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆን የለበትም፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ቢደርስ ይመረጣል። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ደግሞ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከባዶ ግድግዳ አይለይም፤ አጭር የድምፅ ቅጂ ያስፈልጋል።

የአዲስነት ትውስታ ፈጥኖ የሚጠፋ ሀብት ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «ክሊራንስ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ ማብራሪያ እንደሚያስፈልገው ላይታየው ይችላል። የጥያቄ መዝገቡ ጥቅም ይህን መርሳት ማረም ነው።

እዚህ ላይ መታለፍ የሌለበት አንድ የቅርብ ታሪክ አለ። በዩኒቨርሲቲዎች ተዘርግቶ የነበረው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ለመደጋገፍ እንደተቋቋመ ቢነገርም፣ ብዙ ተማሪዎች ይመለከቱት የነበረው በጥርጣሬ ነው። ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚጠይቅ ተማሪም ይኸው ጥርጣሬ ሊያርፍበት ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ጥያቄን እንጂ ጠያቂን መያዝ የለበትም፤ ስም፣ ብሔር፣ የመኝታ ክፍል ቁጥር አይጻፍም። ተለማማጁ የምክር አገልግሎት ባለሙያም አይደለም፤ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ወይም ጥቃት የደረሰባት ተማሪ ሲያጋጥመው ድርሻው ወደ ክሊኒኩ፣ ወደ ምክር አገልግሎቱ ወይም ወደ ሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤቱ ማድረስና ያየውን ለሌላ አለማውራት ነው።

የወሬ ጉዳይም አለ። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት በተነሣ ጊዜ ተማሪዎች ግቢያቸውን ጥለው ወጥተዋል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ተቋሙ ዝም ባለ ቁጥር የቴሌግራም ቡድኖች ይናገራሉ። የጸጥታ መግለጫ መስጠት የተለማማጅ ሥልጣን አይደለም፤ ሆኖም ተቋሙ የሚያውቀውን፣ ገና ያላረጋገጠውንና ቀጣዩ መግለጫ የሚወጣበትን ሰዓት ለይቶ የሚያሳውቅበት መስመር አስቀድሞ ካልተዘረጋ፣ በዕለቱ ሊዘረጋ አይችልም። መስመሩ የዩኒቨርሲቲው እንጂ የግለሰብ መሆን እንደሌለበትም ግልጽ ነው፤ የቻናሉን ቁልፍ ይዞ የሚመረቅ ተለማማጅ ቀጣዮቹን አዲስ ገቢዎች እንደገና ከዜሮ ያስጀምራል።

የሥራው መመዘኛ የተከታይ ብዛት አይደለም። ቅጽ ሳይሞሉ ያቋረጡ፣ የኮርስ መቀየሪያ ቀን ያለፈባቸው፣ «ኢንኮምፕሊት» ውጤታቸውን በጊዜው ሳያስተካክሉ የቀሩ ተማሪዎች ቁጥር በሬጅስትራር መዝገብ ይገኛል፤ የልምምዱ ፍሬ የሚነበበው እዚያ ነው። እርግጥ ቁጥሩን የሚያወርዱትም ሆነ የሚያወጡት ሌሎች ምክንያቶች ስላሉ ንጽጽሩ በጥንቃቄ መደረግ አለበት።

የቀረው የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ልምምዱ በክረምት ከሆነ ተለማማጁ የሚያገኘው አዲስ ተማሪ የለም። ለሥራው የሚስማሙት ሁለት ወቅቶች የምዝገባው ወር እና የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ ከመሞላቱ በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው። የትምህርት ክፍሎች የልምምድ ጊዜያቸውን ለሁለት ከፍለው በእነዚህ ወቅቶች ላይ ማሳረፍ ይችሉ እንደሆነ ከሬጅስትራር ጋር ተቀምጠው ሊመክሩበት ይገባል።