አዛውንቶቻችን ከቤት ሲወጡ፦ ስለ ሞዓዶን፣ ስለ ቡድንና ስለ ሽርሽር

በዛሬው ትምህርታችን ጡረታ የወጡ እናቶችና አባቶች ከሰው ጋር ስለሚውሉበት መንገድ እንነጋገራለን። ነገሩ የመዝናናት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማው፣ ብቸኝነትም በየዓመቱ ከ871 ሺህ ያህል ሞት ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ብቻውን የሚውል ሰው ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለስኳር፣ ለድብርትና ለመርሳት በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል።

በሩ ሲዘጋ

በጎንደር መንደሮች ሽማግሌ ብቻውን አይውልም ነበር። ጠብ ሲነሣ ለእርቅ ይጠራል፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራራል፤ ሴቶች ሸክላ እየሠሩ፣ ስፌት እየሰፉ ይጫወታሉ። ወደ እርሻም ወደ ወንዝም የሚኬደው በእግር ነው። እዚህ ሐዴራ፣ በጊቭዓት ኦልጋም ይሁን በቤት ኤሊዔዘር፣ ጧት ልጆች ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱና በሩ ይዘጋል። የሚመጣው ደብዳቤ በዕብራይስጥ ነው፤ ልጅ ማታ እስኪገባ ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ደግሞ ስኳርንና ደም ግፊትን ያባብሳል። የስኳር በሽታ ከአሊያ በፊት በማኅበረሰባችን እምብዛም የማይታይ ነበር፤ እዚህ ከመጣን በኋላ ግን በፍጥነት ጨመረ። በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የስኳር ሐኪም የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ በ1998 ጤና ብሪኡት የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት ይህን አይተው ነው።

«ልጆቿ ጣሏት ይሉኛል»

ብዙ እናቶች ወደ ሞዓዶን የማይሄዱበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ሞዓዶን ጧሪ የሌለው ሰው የሚሄድበት ቦታ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለውን ሐሳብ በክርክር መመለስ አይቻልም። ልጅ የመጀመሪያውን ቀን አብሮ ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ከሌሎቹ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ቢመለስ ሰፈሩ የሚያየው የተጣለች እናት ሳይሆን የተከበረች እናት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሕፃናት ናቸው። አያት የልጅ ልጆቿን ትጠብቃለች፤ እምቢ ማለትም አትችልም። እናንተ ወላጆች፣ በሳምንት አንድ የተወሰነ ጧት ለእርሷ ተዉላት። «ሲመቸን» የተባለ ቀን አይመጣም።

አባቶችን ደግሞ «ሂድና ተዝናና» ማለት ብዙ አይረዳም። ሽማግሌ ሥራ ሲሰጠው ይወጣል። ለወጣቶች ስለ ሱዳን መንገድ እንዲነግር፣ ሽመና እንዲያሳይ፣ ችግኝ እንዲተክል ሲጠየቅ ቀድሞ ይደርሳል። ቡድን ስትመርጡም እጅ አስቀድሞ የሚያውቀውን ምረጡ፦ ስፌት፣ ሸክላ፣ ጥልፍ፣ ጓሮ። ዕብራይስጥ መማር መልካም ነው፤ ግን በእርሱ ብቻ የተጀመረ ቡድን ብዙዎችን ያሳፍርና ይበተናል።

ሞዓዶንና መርከዝ ዮም አንድ አይደሉም። ሞዓዶን ራሱን ችሎ ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው። መርከዝ ዮም ግን በመታጠብ፣ በመልበስ ወይም በመብላት እርዳታ ለሚያስፈልገው ነው፤ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የሲዑድ መብት ያለው ሰው ከሰዓቱ ከፊሉን በመርከዝ ዮም ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ የኩፓት ሆሊማችሁን ወይም የከተማውን ኦቬደት ሶሲያሊት ጠይቁ።

ሽርሽሩ ሩቅ መሆን የለበትም

ሐዴራ የተቆረቆረችው በ1891 ሲሆን በዙሪያዋ ረግረግ ስለነበረ ብዙ ሰፋሪዎች በወባ አለቁ። ረግረጉን ለማድረቅ ቦይ ተቆፈረ፤ ባሕር ዛፍም ተተከለ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይም ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ሆስፒታላችንም የተሰየመው ወባን በተዋጉት በዶክተር ሂሌል ያፌ ነው። ቆላ ወርዶ በወባ የታመመ አባት በሐዴራ ጫካ ውስጥ ሲሄድ ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። (ቅጠሉን ለጉንፋን የምትታጠኑ እናቶች፣ ዘይቱን ግን አትጠጡት፤ መርዝ ነው።)

የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የእግር ጉዞ ይበቃል፤ እስክስታም ይቆጠራል።

ወደ ኢየሩሳሌም፣ በሱዳን መንገድ ለሞቱት ወደ ተሠራው የሃር ሄርዝል መታሰቢያ የሚደረግ ጉዞ ግን የተለየ ነው። ልጅ ወይም ወንድም በመንገድ የቀበረ ሰው እዚያ ሲደርስ ቁስሉ ይነሣበታል። አትከልክሉት። ያን ቀን ማታ ግን ብቻውን አይደር።

ከመውጣታችሁ በፊት

በአውቶቡስ የሚሄዱ እናቶች «ሽንት ቤት እንዳልፈልግ» ብለው ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ይህ አደገኛ ነው። አስተባባሪው የሚቆምባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ በአማርኛ ይንገራቸው።

ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ምሳ ቢዘገይበት ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ፤ 101 ደውሉ። በሌላ በኩል በሞዓዶን አቦል፣ ቶናና በረካ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከተጨመረ ስድስት ማንኪያ እንደሚሆን አስሉ።

ጫማው ጣት የማይጨቁን፣ ከኋላ የተዘጋ ይሁን፤ ማታም እግሩ ይታይ፤ ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ላይሰማው ይችላልና። የመድኃኒቶቹን ስምና የልጅን ስልክ ቁጥር በዕብራይስጥ በወረቀት ጽፋችሁ በኪሱ አስቀምጡለት፤ ስልክ ቤት ይረሳል፣ ባትሪውም ያልቃል።