በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፦ የኬንያ ምክር ቤቶች ስለ ጤና ሲከራከሩ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አባባሉ ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ ሳይሆን ለአንድ አገር የጤና አገልግሎትም ይሠራል። ሆስፒታል መድኃኒት ሲያልቅበት፣ ሐኪም በክፍያ ጉዳይ ሥራ ሲያቆም፣ በብዙ ገንዘብ የመጣ መሣሪያ ሳይሠራ አቧራ ሲለብስ፣ ችግሩ በይፋ ተነግሮ ካልተመረመረ መፍትሔ አያገኝም። ይህ ምርመራ ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ፓርላማ ነው።

በዚህ ትምህርት የምንኖርባት የኬንያ ምክር ቤቶች ስለ መንግሥት የጤና አገልግሎት እንዴት እንደሚከራከሩ እናያለን። ጉዳዩ የሌላ አገር ፖለቲካ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም። ልጆቻችን የሚከተቡት፣ እናቶቻችን የሚወልዱት፣ አደጋ ሲደርስ በአምቡላንስ የምንወሰደው እዚሁ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43ም ከፍተኛ ደረጃውን የጠበቀ ጤና የማግኘትን መብት የሰጠው «ለእያንዳንዱ ሰው» ነው። ማንም ሰው ድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከልም ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማን ምን ይሠራል?

ክርክሩን ለመረዳት መጀመሪያ የሥራ ክፍፍሉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የጤናን ሥራ ለሁለት ከፍሎታል። ብሔራዊው መንግሥት የጤና ፖሊሲ ያወጣል፤ እንደ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልና በኤልዶሬት እንደሚገኘው የሞይ ሪፈራል ሆስፒታል ያሉትንም በኃላፊነት ይይዛል። ክሊኒኮችን፣ ጤና ጣቢያዎችንና የካውንቲ ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድሩት ግን 47ቱ ካውንቲዎች ናቸው። የካውንቲ መንግሥታት ሥራ የጀመሩት በ2013 ነው።

ፓርላማውም ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። ብሔራዊው ምክር ቤት አፈ ጉባኤውን ሳይጨምር 349 አባላት ሲኖሩት፣ ሴኔቱ 67 አባላት አሉት። የሴኔቱ ዋና ሥራ የካውንቲዎችን ጥቅም መጠበቅ ነው። ወላጆቻችን ከአገር ቤት የሚያውቁት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ አያወጣም፤ የኬንያ ሴኔት ግን ካውንቲዎችን በሚመለከቱ ሕጎች ላይ ይከራከራል፣ ድምፅም ይሰጣል።

ምክር ቤቶቹ በእጃቸው ያሉት መሣሪያዎች በዋናነት አራት ናቸው። የመጀመሪያው ሕግ ማውጣት ነው፤ አንድ ረቂቅ በሦስት ንባብ ያልፋል፣ በመካከሉም ኮሚቴ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል። ሁለተኛው በጀት ማጽደቅ ነው። ሦስተኛው ሚኒስትሮችን ጠርቶ መጠየቅ ነው። አራተኛው የዋና ኦዲተርን ሪፖርት ተቀብሎ የወጣውን ገንዘብ መከታተል ነው። በአዳራሹ የሚባለው ሁሉ «ሐንሳርድ» በሚባለው ቃለ ጉባኤ ይመዘገባል።

አንድ ምሳሌ፦ የተከራዩት የሕክምና መሣሪያዎች

በ2015 ብሔራዊው መንግሥት ከአምስት ኩባንያዎች ጋር የ7 ዓመት ውል ተፈራረመ። ውሉ የግዢ ሳይሆን የኪራይ ነበር። ኩባንያዎቹ መሣሪያውን ያቀርባሉ፣ ይጠግናሉ፣ ባለሙያ ያሠለጥናሉ፤ መንግሥት በየዓመቱ ይከፍላል። ወጪው 38 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ተብሎ ተተመነ። መሣሪያ የሚገባላቸው ሆስፒታሎች 98 ነበሩ፤ ከየካውንቲው ሁለት ሁለት፣ በተጨማሪም አራት ብሔራዊ ሆስፒታሎች። የኩላሊት እጥበት፣ የቀዶ ሕክምና፣ የፅኑ ሕሙማን፣ የራጅና የመሳሰሉት መሣሪያዎች በዕቅዱ ውስጥ ነበሩ።

ሐሳቡ በጎ ዓላማ ነበረው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መታጠብ አለበት። የሚታጠብበት ቦታ ናይሮቢ ብቻ ከሆነ፣ ከቱርካና ወይም ከማርሳቢት የሚመጣ ሕመምተኛ ኑሮውን ትቶ መሰደድ ይኖርበታል። ዕቅዱን የደገፉ ወገኖች ይህን ይጠቅሱ ነበር፤ በእርግጥም ከዚያ በኋላ የኩላሊት እጥበት ብዙ ካውንቲዎች ደርሷል።

የካውንቲ ገዢዎች ግን ከመጀመሪያው ቅሬታ አሰሙ። «ሆስፒታሎቹን የምናስተዳድረው እኛ ነን፤ ምን እንደሚያስፈልገን አልተጠየቅንም፤ ውሉን በቅጡ ሳናየው ኪራዩ ከድርሻችን ይቆረጣል» የሚል ነበር ክርክራቸው።

እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት እናንሣ። መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ካውንቲ የሚቆረጠው በዓመት 95 ሚሊዮን ሽልንግ ገደማ ነበር። ይህን በ47 ብናባዛው 4 ቢሊዮን 465 ሚሊዮን ይሆናል። በ2018/19 የበጀት ዓመት ግን ሂሳቡ ለአንድ ካውንቲ 200 ሚሊዮን ሆነ። በ47 ሲባዛ 9 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ነው። ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሴኔቱ ውስጥ ትልቅ ክርክር አስነሣ።

ሴኔቱ በ2019 ጉዳዩን የሚያጣራ ልዩ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢዋ የኢሲኦሎ ሴናተር ፋቱማ ዱሎ ነበሩ። ኮሚቴው ባለሥልጣናትን ጠርቶ ጠየቀ፣ ሆስፒታሎችንም ጎበኘ፤ በ2020 ሪፖርቱን አቀረበ። ከታዩት ችግሮች መካከል ለእኛ ትምህርት የሚሆኑት ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ መሣሪያው ደርሶ ሳይሠራ የቆመባቸው ሆስፒታሎች ነበሩ። ምክንያቱ አንዳንድ ቦታ የተዘጋጀ ክፍል አለመኖሩ፣ አንዳንድ ቦታ በቂ መብራትና ውሃ አለመኖሩ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ መጥፋቱ ነበር። በሳይንስ ክፍል የተማርነውን እናስታውስ፦ አንድ ሰው ኩላሊቱን ለአራት ሰዓት ሲታጠብ ከ100 ሊትር በላይ የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። የውሃ መስመሩ በየቀኑ በሚቋረጥበት ከተማ ማሽኑን ብቻ መላክ ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛ፣ የካውንቲዎች ፍላጎት የተለያየ ሆኖ ሳለ ክፍያው እኩል ነበር። አንዳንዱ ካውንቲ ቀድሞ የነበረው ዓይነት መሣሪያ መጣለት፤ አንዳንዱ የመጣለትን መጠቀም አልቻለም። ኪራዩ ግን በሁሉም ላይ ተቆረጠ።

ሦስተኛ፣ ኃላፊነቱ ተበታትኖ ነበር። የፈረመው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው፣ ታካሚው ፊት ቆሞ «ማሽኑ አይሠራም» የሚለው ደግሞ ሦስተኛው ነበር። ታካሚው ማንን ይጠይቅ?

ከዚህ የምንማረው፣ የጤና ችግር ብዙ ጊዜ የአንድ ዕቃ እጥረት ብቻ አለመሆኑን ነው። ሕንፃ፣ መብራት፣ ውሃ፣ መሣሪያ፣ መድኃኒትና ባለሙያ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች የቀሩት ሥራ ይፈታሉ። ጥሩ የምክር ቤት ክርክር የትኛዋ ቀለበት እንደተበጠሰችና ማን መጠገን እንዳለበት ለይቶ ያወጣል።

የባለሙያው ጉዳይ

ከቀለበቶቹ ሁሉ በቶሎ የማትተካው የሰው ኃይል ናት። ሐኪም ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል። በኬንያ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሞች ከታኅሣሥ 2016 እስከ መጋቢት 2017 ድረስ ለ100 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር፤ ጥያቄያቸው በ2013 የተፈረመ የሥራ ስምምነት ይፈጸም የሚል ነበር። በ2024ም ሥራ ማቆሙ 56 ቀናት ቆየ። ያን ጊዜ ካከራከሩት ጉዳዮች አንዱ የተለማማጅ ሐኪሞች ክፍያ ነው። በ2017ቱ ስምምነት በወር ወደ 206,000 ሽልንግ ይገባቸው ነበር፤ መንግሥት «አቅሜ ይህ ነው» ብሎ ያቀረበው 70,000 ነበር።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገን የሚናገረው ነገር አለው። ሐኪሙ «የተፈረመ ይከበር» ይላል። መንግሥት «በጀቱ አይፈቅድም» ይላል። የምክር ቤት አባል ሥራ በአንዱ ጎን ቆሞ መጮህ ሳይሆን፣ ገንዘቡ ሳይኖር ለምን እንደተፈረመ፣ ገንዘቡ ካለ ደግሞ የት እንደዋለ መጠየቅ ነው። ሁለቱ ወገኖች ሲካሰሱ በመካከል የሚጎዳው ሕመምተኛው ነውና።

ስለ ጤና መድን

በ2023 ኬንያ አዳዲስ የጤና ሕጎች አወጣች። ከ1966 ጀምሮ የነበረው የብሔራዊ ሆስፒታል መድን ፈንድ ቀርቶ፣ በጥቅምት 2024 የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን የሚባለው ሥራ ጀመረ። የመድንን ነገር ለመረዳት እድራችንን ማሰብ ይበቃል። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ከሁሉም መዋጮ ይረዳል። የጤና መድንም እንዲሁ ጤነኛው ለታመመው የሚያዋጣበት ሥርዓት ነው። እድር የሚጸናው ደግሞ ገንዘብ ያዡ ሂሳቡን በአባላቱ ፊት ሲያሳይ ነው።

በአዲሱ ሕግ ደመወዝተኛ ከጠቅላላ ደመወዙ 2.75 በመቶ ይከፍላል። በወር 20,000 ሽልንግ የሚያገኝ ሠራተኛ ቀድሞ 750 ሲከፍል አሁን 550 ይከፍላል። 100,000 የሚያገኘው ቀድሞ 1,700 ሲከፍል አሁን 2,750 ይከፍላል። ደጋፊዎች «ድሃው ቀለለለት፣ ያለው ደግሞ ይጨምር» አሉ። ተቃዋሚዎች ደመወዝ የሌለው፣ በቀን ገቢ የሚያድር ሰው የዓመቱን መዋጮ አንድ ላይ እንዴት ይከፍላል ብለው ጠየቁ። በሐምሌ 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጎቹ ሲወጡ ሕዝቡ በበቂ አልተሳተፈም በማለት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብሎ ወሰነ። በመስከረም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያን ውሳኔ ስላገደው ሥርዓቱ ሥራ ጀመረ። ሕዝብን ማማከር ለይምሰል የሚደረግ አለመሆኑን ይህ ያሳየናል፤ ካልተሟላ ሕጉን ራሱን ሊያናውጠው ይችላል።

ክርክርን እንዴት እናዳምጥ?

የፓርላማ ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጩኸቱና ቀልዱ ቶሎ ይማርካል። እኛ ግን በክፍላችን አራት ጥያቄዎችን ይዘን ማዳመጥን እንለማመዳለን።

1. ተናጋሪው የሚለው ክስ ነው ወይስ ማስረጃ? ቁጥር፣ ሰነድ ወይም በዓይን የታየ ነገር ጠቅሷል?
2. የተባለው ሥራ የማን ኃላፊነት ነው፤ የብሔራዊው መንግሥት ወይስ የካውንቲው?
3. ገንዘቡ ከየትኛው ኪስ ይወጣል? ማንስ ይቆጣጠረዋል?
4. የተገባው ቃል እስከ መቼ ይፈጸማል? በቀኑ ካልተፈጸመ ማን ተጠርቶ ይጠየቃል?

አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሪፖርት ቀርቦ፣ ጋዜጣ ጽፎ፣ ሰዉ ተናዶ ነገሩ ሊረሳ ይችላል። የመሣሪያው ኪራይ ውል ካበቃ በኋላ መንግሥት ያመጣው አዲስ ዕቅድ፣ ክፍያው መሣሪያው በሰጠው አገልግሎት ልክ እንዲሆን የሚል ነው። ይህ «ለማይሠራ ማሽን ለምን ይከፈላል?» ከሚለው የቀድሞ ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ሐሳብ ነው። በተግባር መዋሉን መከታተል ግን አሁንም ያስፈልጋል።

እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 119 ለፓርላማ አቤቱታ የማቅረብን መብትም የሰጠው ለእያንዳንዱ ሰው ነው። የምክር ቤቶቹ ሥራ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን አንቀጽ 118 ያዛል። የፓርላማው የሥራ ቋንቋዎች ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛና የኬንያ የምልክት ቋንቋ ናቸው፤ ተማሪዎቻችን ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ስለሚማሩ ክርክሩን ለወላጆቻቸው በአማርኛ ማስረዳት ይችላሉ። አንድ እናት በምትሄድበት ጤና ጣቢያ ምን መብት እንዳላት ከልጇ ብትሰማ፣ ትምህርቱ ከክፍል ወጥቶ ቤት ገባ ማለት ነው።

የክፍል ሥራ

ተማሪዎች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። ጉዳዩ ይህ ነው፦ «አንድ ካውንቲ 200 ሚሊዮን ሽልንግ አለው፤ መሣሪያ ይከራይ ወይስ ነርሶችና ሐኪሞች ይቅጠር?» አንደኛው ቡድን ስለ መሣሪያው፣ ሁለተኛው ስለ ባለሙያው ይከራከር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቦታ ተለዋወጡና ቀድሞ የተቃወማችሁትን ደግፉ። በመጨረሻም ሁለቱ ቡድኖች አብረው አንድ ገጽ ሪፖርት ይጻፉ፤ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚፈጽም፣ በስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚታይ ይግለጹ። ቀኑን መጻፍ አትርሱ፤ ያለ ቀን የተጻፈ ውሳኔ ማንንም አይይዝም።