የሩዙ ወተት

ከወረታ ወጣ ብሎ ባለ የሩዝ ማሳ ዳር ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርና በከተማው እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ወጣት ቆመዋል። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ውሃው ከማሳው እየሸሸ፣ ዛላው ማጎንበስ ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ሩዝ ያበዛሁበት እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ ያምራል፤ በማግስቱ ግን ይደርቅና ይሰባበራል። የጤፉ ለስላሳ እንደሆነ ይሰነብታል። የሩዙ ምን ጎድሎበት ነው?»

ጥያቄዋ የጓዳ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር እዚህ ፎገራ የገባው ሩዝ ዛሬ ከድስት ይልቅ ምጣድ የለመደ እህል ሆኗል።

ሽማግሌው አንዲት ፍሬ ቀንጥሰው በጥፍራቸው ጫን አሏት። ነጭ ወተት ጠብ አለ።

«ስታርች ማለት ይኸው ነው፤ ገና ሲጠራቀም ያየሽው። ቅጠሉ በፀሐይ ጉልበት ከውሃና ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። ስኳሩ በአገዳው አልፎ ፍሬው ውስጥ ይገባል፤ እዚያ እርስ በርሱ ተያይዞ ስታርች ይሆናል።»

«ስኳሩን እንዳለ ለምን አያስቀምጠውም?»

«ስኳር ይሟሟል፤ ሲሟሟ ውሃ ይስባል። ያ ሁሉ ስኳር ቢከማች ፍሬው በውሃ ተወጥሮ ይቀር ነበር፤ ደርቆ ጎተራ አይገባም። ስታርች ግን በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም። በደቃቅ እንክብሎች ታሽጎ ይቀመጣል። የሩዝ እንክብል አብዛኛው ከ10 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የድንች አንዳንዱ 100 ይደርሳል።»

«የሚቀመጠውስ ለማን ነው? ለእኛ?»

«ለፅንሱ ነው እንጂ! ብቅል ቀምሰሽ ታውቂያለሽ፤ ለምን ይጣፍጣል? ገብሱ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ስታርቹን እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይመልሰዋል። ቡቃያው ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል የሚኖረው በዚያ ነው።»

ልጅቱ ግን እንጀራዋን አልረሳችም። «የጤፉም ስታርች ነው አይደል? ታዲያ ምን ለያቸው?»

«አሠራሩ ነዋ። ስታርች ሁለት ዓይነት ሰንሰለት አለው። አሚሎስ ቅርንጫፍ የለውም ማለት ይቻላል፤ አሚሎፔክቲን ቅርንጫፉ ብዙ ነው። አብሲት ስትጥይ ሊጡ ለምን ይወፍራል? እንክብሎቹ ሙቀት ሲያገኙ፣ ከ60 ዲግሪ ወዲያ፣ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ሰንሰለቶቹም ይላቀቃሉ። እንጀራው ሲበርድ ደግሞ አሚሎሱ ፈጥኖ ተመልሶ ይጣበቃል፤ አሚሎፔክቲኑ በቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ ይከተለዋል። ያኔ ነው እንጀራው የሚጠጥረው። የጤፍ ስታርች በዚህ ረገድ ዝግ ይላል።»

«ፍሪጅ ባስገባውስ?»

«ይብሳል። ስታርች ውጭ ከሚቆይ ይልቅ ፍሪጅ ውስጥ ፈጥኖ ይጠጥራል። ያደረውን በእንፋሎት ብታሞቂው ይለሰልሳል፤ ሲበርድ ግን ይመለስበታል።»

«እንግዲያ ሩዙን ልተወው?»

«ምን በወጣሽ! የአሚሎሱ መጠን ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ወፍጮ ቤት የተቀላቀለውን አትግዢ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዝርያ ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ አስፈጪና ሞክሪ። እርሾው፣ አብሲቱ፣ የጤፉ ድርሻ አንድ ይሁን፤ የሚለየው ሩዙ ብቻ ይሁን። በማግስቱ ሁለቱንም ጠቅልያቸው፤ የትኛው እንደሚሰበር ታያለሽ።»